«ተቃዋሚ ካለ»፦ የጎረቤት ድምፅና የወሰን ታሪክ ከጎንደር እስከ ዛሪማ

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳና በጋዜጣ የኋላ ገጽ ላይ ሁላችሁም ያያችሁት ሐረግ ነው። አንድ ሰው ካርታ ሊያወጣ፣ ሁለት ይዞታ ሊቀላቅል ወይም ወሰኑን ሊያስተካክል ሲያመለክት፣ ማመልከቻውን የተቀበለው ክፍል «ተቃዋሚ ካለ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይቅረብ» ብሎ ያስታውቃል። ቀኑ ሲያልፍ ፋይሉ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። ይህች አጭር ሐረግ ረጅም ታሪክ አላት፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይህንኑ ታሪክ አብረን እንድንከተል እጠይቃችኋለሁ።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ ቤተ መዛግብት ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ከደባርቅ ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ የሊማሊሞን ገደል ጨርሶ ቆላው ላይ ሲያርፍ ዛሪማ ትገኛለች። አባቴ ቤት የሠራው እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤታችን በይዞታው ላይ ፎቅ ለመሥራት አስቦ፣ በእርሱና በእኛ ግቢ መካከል ያለውን ቀጭን መተላለፊያ ወደ ይዞታው ለማጠቃለል የወሰን ማስተካከያ ጠየቀ። በዚያች መተላለፊያ ከጀርባ ያሉ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ወደ መንገድ ይወጣሉ፤ የክረምቱም ጎርፍ የሚወርደው በእርስዋ ነው። ማስታወቂያው በወጉ ተለጠፈ። እኅቴ ደውላ «ወንድምዓለም፣ ተቃዋሚ ካለ ይላል፤ ምን እናድርግ?» አለችኝ። እኔም «ፈተና ላይ ነኝ፣ ስጨርስ እመጣለሁ» አልኋት። የሆነውን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ስለ መሬት ሰነዶች ሲያስተምር የኖረ ሰው አንዲት ገጽ ማስታወቂያን በጊዜዋ ሳይመልስ መቅረቱ ይህን ንግግር እንዳስጻፈው ማወቃችሁ ይበቃል።

ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ደጋማ ክፍል ወሰን የሚጸናው ጎረቤት ሲያውቀውና ሲቀበለው ነበር። የአዋሳኙ ድምፅ የወሰኑ አካል ነበር። ዘመናዊው አስተዳደር ይህን ድምፅ አልሰረዘውም፤ ነገር ግን የቀን ገደብ ያለው አንድ የአሠራር ደረጃ አደረገው። በዚህ ለውጥ ያገኘነውም ያጣነውም አለ፤ ሁለቱን ለይተን ካላወቅን የሚቀጥለው ትውልድ በዝምታው ብቻ መብቱን ያጣል።

ወሰንና ውሳኔ

ከቃሉ እንጀምር። «ወሰን» እና «ውሳኔ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም «ወሰነ» ከሚለው ግስ ይመዘዛሉ። ቋንቋችን መሬት ላይ ያለውን መስመርና ዳኛ የሚሰጠውን ቃል አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ወሰን ማለት የተወሰነ ነገር ነው። ሌሎቹንም ቃላት ተመልከቱ። «አዋሳኝ» ስንል ከእኛ ጋር የሚዋሰነውን ሰው ማለታችን ነው፤ ወሰን አንዱ ብቻውን የሚያበጀው ሳይሆን ሁለት ሰዎች የሚዋሰኑት ነው። «ድንበርተኛ» እና «ኩታ ገጠም» የሚሉትም ይህንኑ ጉርብትና ይነግሩናል። ከአዋሳኙ ሳይመክር መስመሩን የሚያዛውር ሰው ደግሞ «ድንበር ገፋ» ይባላል፤ ይህም በገጠር ከስርቆት የማይተናነስ ነውር ነው።

ነውርነቱ ሃይማኖታዊ መሠረትም አለው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 በሕዝብ ፊት ከሚነገሩት እርግማኖች አንዱ የጎረቤቱን የድንበር ምልክት በሚያፈልስ ላይ የወረደው ነው። በአገራችንም የመሬት ስጦታ ሰነዶች የሚዘጉት በግዝት ነው፤ ስጦታውን የሚያፈርስ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ሥልጣን ይወገዛል። ይህን ከዓለም ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሮማውያን ተርሚኑስ የሚባል የድንበር አምላክ ነበራቸው፤ በየዓመቱ በየካቲት ወር አዋሳኞች በድንበሩ ድንጋይ ላይ ተገናኝተው በጋራ መሥዋዕት ያቀርቡለት ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የአጥቢያው ሕዝብ ከካህኑ ጋር ሆኖ የአጥቢያውን ወሰን በእግሩ ይዞር ነበር፤ ልጆችም አብረው የሚወሰዱት በእርጅናቸው ዘመን ምስክር እንዲሆኑ ነው። በሦስቱም አገር የምናየው አንድ ነገር ነው፦ ካርታ በሌለበት ዘመን ወሰንን የሚጠብቀው የጎረቤት ትዝታና የጎረቤት ኅሊና ነው።

በኅዳግ ላይ የተጻፉ ስሞች

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከመሠረቱ በኋላ፣ በተለይም በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ የመሬትና የቤት ጉዳይ በብዛት በጽሑፍ መመዝገብ ጀመረ። መዝገቡ ግን የተለየ የመሬት መዝገብ አልነበረም። እንደ ቁስቋም ያሉ የታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት በኅዳጎቻቸውና በባዶ ገጾቻቸው የጉልት ስጦታን፣ የመሬትና የቤት ሽያጭን፣ ውርስንና የክርክር ፍጻሜን ይዘዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ሲመለሱ ብዙዎቹን ይዘው ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጎንደር መሬት ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ አንዱ እግሩ እዚሁ፣ ሌላው ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት መሆን አለበት። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት የመሬት ሥርዓት የሚተነትን መጽሐፉን የጻፈው በአብዛኛው እነዚህን የኅዳግ ጽሑፎች እየለቀመ ነው።

አንድ የሽያጭ ሰነድ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የዘመኑን ሹማምንትና የደብሩን አለቃ ስም በመጥራት ይጀምራል፤ ይህም እንደ ቀን ቁጥር ያገለግላል። ከዚያ ሻጩንና ገዢውን ይጠቅሳል፤ ዋጋውን በወቄት ወርቅ ወይም በሌላ መገበያያ ያስቀምጣል። በመጨረሻ የዋሱንና የእማኞችን ስም ይደረድራል። መሬቱ በአብዛኛው የሚታወቀው በቦታው ስምና ቀድሞ ይዞት በነበረው ሰው ነው። ርዝመትና ወርድ የሚፈልግ የዘመናችን ቀያሽ ይህን ሲያይ ሰነዱ ጎዶሎ ነው ሊል ይችላል። ለጊዜው ሰው ግን ምሉዕ ነበር። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ለማወቅ ቢፈልግ እማኞቹን ይጠራል፤ እነርሱም በእግራቸው ሄደው ዋርካውን፣ ቁልቋሉን፣ ያልታረሰውን የሣር ዳር ያሳዩታል። ሰነዱ ለወሰኑ የሚመሰክሩትን ሰዎች ስም የሚጠብቅ ማኅደር ነበር ማለት ነው።

ያልተጠየቁት ጎረቤቶች

እዚህ ላይ ግን ያለፈውን ዘመን እንዳናሳምር መጠንቀቅ አለብን። ጎንደር ድምፃቸው የማይሰማ ጎረቤቶችም ነበሯት። በ17ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ይህን ዛሬ በምናውቀው ቋንቋ ብንጠራው የመኖሪያ ቀጠና ድልድል ነው፤ ወሰኑ ከላይ ወርዶ ተሰመረ፤ የሚነካቸው ሰዎች «ተቃዋሚ ካለ» ተብለው አልተጠየቁም። ሁለቱም ማኅበረሰቦች በብዙ ቦታ ከርስት ባለቤትነት ውጭ ስለ ነበሩ በመሬት ክርክር ውስጥ አዋሳኝ ሆኖ የመቆም መሠረት አልነበራቸውም። ከተማዋን ያነጹ እጆች ብዙዎቹ የእነርሱ ነበሩ።

ሁለተኛው ከላይ የወረደ መስመር የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ለጎንደር ባወጣው ፕላን የጣሊያኖችና የአገሬው ሰው መኖሪያ ተለያይቶ ተነደፈ። ዛሬ ፒያሳ የምንለውን የከተማዋን ክፍልና የሊማሊሞን መንገድ ያወረሰን ያው ዘመን ነው። የዛሪማ ሰው ዛሬም በዚያው መንገድ ወደ ደባርቅ ይወጣል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ዘመናዊው የቀጠና ሕግ በተስፋፋባት በአሜሪካ፣ የኒው ዮርክ ከተማ አጠቃላይ የቀጠና ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1926 እንዲህ ያለ ደንብ ሕገ መንግሥታዊ መሆኑን አጸና። ከዚያ ቀድማ ግን ባልቲሞር በ1910 ጥቁሮችና ነጮች የሚኖሩባቸውን መንገዶች በደንብ ለይታ ነበር፤ እንዲህ ያለውን በዘር መለየት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 ከለከለው። የከተማ ወሰን የማን ድምፅ ሳይሰማ ተሰመረ ብሎ መጠየቅ ለማንኛውም ከተማ ታሪክ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ርስት፦ የማያልቅ ተቃውሞ

ከከተማ ወጥተን ወደ ገጠሩ እንሂድ። በበጌምድርና ስሜን፣ በጎጃምም፣ የመሬት መሠረቱ ርስት ነበር። አንድ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ካስረዳ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ አንድ ገበሬ በብዙ የዘር ሐረጎች ውስጥ መብት ሊኖረው ይችላል፤ በእጁ የሚገባው መሬት ግን በትጋቱ፣ በዘመዶቹ ብዛትና በተሟጋችነቱ ይወሰናል።

ይህ ሥርዓት ለወሰን ያለውን ትርጉም አስተውሉ። አዋሳኝህ ብዙ ጊዜ ዘመድህ ነው፤ የወሰን ክርክርም ወዲያው የዘር ቆጠራ ክርክር ይሆናል። ሰው «ይህ ድንበር ገፍቷል» ብሎ ይጀምርና «አያቴ የእርሱ አያት ታላቅ ነበር» ብሎ ይጨርሳል። ተቃውሞም የጊዜ ገደብ የለውም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የተሰደደ፣ የዘመተ፣ የደኸየ ሰው ወይም የልጅ ልጁ ተመልሶ መጥቶ «እኔ እቃወማለሁ» ማለት ይችላል።

ገደብ የለሽ ተቃውሞ ክብርም መከራም ነበረው። ክብሩ፣ ማንም ስለ ሌለ ብቻ አይሰረዝም ነበር። መከራው ደግሞ፣ ክርክር ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ የተሟጋች በሬ ለዳኛና ለነገረ ፈጅ ይሸጣል፤ ዘመድ ከዘመድ ደም ይቃባል። ደካማዋ መበለት በሕግ ርስተኛ ሆና ሳለች ተሟጋች ስለ ሌላት ብቻ ድንበርዋ በየክረምቱ በአንድ ትልም፣ በሁለት ትልም ይገፋል።

መንግሥት ይህን ሥርዓት በገመድ ሊቆጣጠር ሲሞክር የገጠመውን ደግሞ እናስታውስ። በደቡብ መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ሲቆጠር፣ ሰሜኑ በአብዛኛው ሳይለካ ቆየ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ እንኳ ለጎጃም፣ ለትግራይና ለበጌምድር የቀደመውን የግብር አሠራር ጠብቆላቸዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም አመፀ። የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም ምክንያቱ፤ ገማች ኮሚቴ መሬቱን ሊመዘግብና ሊለካ ነው፣ ቀጥሎም ርስታችን ይሄዳል የሚለው ሥጋት ዋነኛ ነበር። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ብቻ የሚያዩ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ገበሬው የፈራው ወሰኑ ከእርሱና ከአዋሳኙ እጅ ወጥቶ ሊጠይቀው ወደማይችለው ወረቀት እንዳይገባ ነው። ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነበር።

ዝምታ ዋጋ ያስከፈለበት ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ አስተሳሰብ ይዞ መጣ። በቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው የተነጠቀበት ወይም የታወከበት ሰው ይመለስልኝ፣ ሁከቱ ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይችላል፤ ይህን ክስ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። «በሺህ ዓመቱ» ይል ከነበረው ማኅበረሰብ መካከል «በሁለት ዓመት» የሚል ድንጋጌ ሲገባ ምን ያህል የሐሳብ ለውጥ እንደ ሆነ አስቡት።

ከዚህም ይልቅ ቁጥር 1179 ለርእሳችን ቅርብ ነው። ባለመሬቱ ሳይቃወም በመሬቱ ላይ ሕንፃ የሠራ ሰው የሕንፃው ባለቤት ይሆናል ይላል ሐሳቡ። «ሳይቃወም» የሚለው ቃል የሠራውን ሥራ ልብ በሉ። ዝምታ ከእንግዲህ ጨዋነት ወይም ትዕግሥት ብቻ አይደለም፤ ሕጋዊ ውጤት ያለው ድርጊት ሆኗል። በእኛ ባህል ግን ከጎረቤት ጋር አለመካሰስ ትልቅ ምግባር ነው። ሕጉ ዝምታን እንደ ፈቃድ ሲቆጥረው፣ ባህሉ ዝምታን እንደ ትሕትና ይቆጥረዋል። ብዙ ሰው መብቱን ያጣው በዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ መሠረቱ ራሱ ተናወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ለመኖሪያ ቤት የሚፈቀደውንም ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ገደበ። የመሬት ክርክር የሚዳኘው በገበሬ ማኅበርና በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የፍርድ ሸንጎ ሆነ። የዘር ቆጠራ ክርክር በአንድ ጀንበር ቆመ። ርስት ያልነበራቸው ብዙዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው መሬት ያዙ፤ ይህ ታላቅ የፍትሕ እርምጃ ነበር። ነገር ግን አዋሳኝ ከአዋሳኝ ጋር የሚነጋገርበት መሬት የመንግሥት ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች የጋራ ሀብት እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥም ደነገገ። ከዚያ ወዲህ የምንከራከረው ስለ ይዞታ ወሰን ነው።

ደብተሩና ካርታው

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባ ለታሪክ ተመራማሪ እጅግ የሚያጓጓ ነው። ሕዝብ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ ከገበሬውና ከአዋሳኞቹ ጋር ማሳውን እየዞረ ወሰኑን ይለይ ነበር። በመጀመሪያው ዙር በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ነው። ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲያሰማ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ከዚያ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጣል፤ ባልና ሚስት በጋራ ይዞታቸው ላይ ሁለቱም ስማቸው ይገባል። ከቁስቋም ኅዳግ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አነጻጽሩት። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፎም መሬት በሰዎች ስም ይታወቅ ነበር። ልዩነቱ፣ በዚህኛው የሴቲቱም ስም መግባቱ ነው።

ሁለተኛው ዙር በአየር ፎቶግራፍ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለእያንዳንዱ ማሳ ቅርጽ፣ ስፋትና መለያ ቁጥር ይሰጣል። በከተማም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የካዳስተር ሥርዓትን መሠረተ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የአዋሳኝ መገኘትና መፈረም፣ ውጤቱን ይፋ ማድረግና ቅሬታ መቀበል አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ስለዚህ «ዘመናዊው ሥርዓት ጎረቤትን አጠፋው» የሚል ካለ ሕጉን አላነበበም። ጎረቤት አለ፤ ያለው ግን ካርታው ከመጽደቁ በፊት በተሰጠው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ካርታው ከጸደቀ በኋላ የሚናገረው መጋጠሚያ ነጥብ ነው።

ትርፉ ግልጽ ነው። ካርታ ያላት መበለት በየክረምቱ ትልም አይገፋባትም፤ ተሟጋች ዘመድም ላያስፈልጋት ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ በዚያች አጭር ጊዜ ያልተገኘ ሰው ላይ ይወድቃል፦ ማንበብ በማይችል፣ በታመመ፣ ለሥራ ወደ ሌላ አገር በሄደ፣ በጦርነት በተፈናቀለ። የስሜንና የዛሪማ አካባቢ በቅርብ ዓመታት ምን እንዳሳለፈ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ቤቱን ጥሎ በሸሸ ሰው በር ላይ «ተቃዋሚ ካለ» ተብሎ ቢለጠፍ፣ ሐረጉ ሕግን ያከበረ ይመስላል እንጂ ማንንም አይጠራም።

ሦስት ነገሮች

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ለባህላችን። የጎረቤትን የወሰን ለውጥ መቃወም ጠብ መጫር ተደርጎ መታየት የለበትም። የጎንደር እማኞች ስማቸውን በብራና ላይ ያጻፉት ሲጠየቁ ለመናገር ነው። ተቃውሞ በጊዜው፣ በጽሑፍና በመከባበር ሲቀርብ የኋላውን ጠብ ያስቀራል። «እገሌ እኮ ጎረቤቴ ነው፣ እንዴት እቃወመዋለሁ?» ለሚል ሰው መልሱ፣ «ጎረቤቱ ስለ ሆንህ ነው የተጠየቅኸው» የሚል ነው።

ሁለተኛ፣ ለአስተዳደሩ። ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን ሰውን መጥራት አይደለም። ወሰኑ የሚነካው ሰው በስሙ ሊነገረው ይገባል፤ በዕድርና በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ በኩል ቃል ሊደርሰው ይችላል። መተላለፊያንና የውኃ መውረጃን የሚመለከት ለውጥ ደግሞ ከሁለቱ አዋሳኞች አልፎ ከጀርባ ያለውንም ነዋሪ እንደሚመለከት መታሰብ አለበት።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለተመራማሪዎች። የመጀመሪያው ዙር የገጠር መዝገቦች፣ ጎረቤትን በአራት አቅጣጫ በስም የሚጠሩት፣ በካርታ ስለ ተተኩ ብቻ እንደ አሮጌ ወረቀት መጣል የለባቸውም። ለወደፊቱ የታሪክ ተማሪ እነዚህ መዝገቦች የቁስቋም ኅዳጎች ናቸው። ማን ከማን ጎን ይኖር እንደ ነበር፣ የትኛዋ ሴት በስሟ መሬት ይዛ እንደ ነበር የሚነግሩን እነርሱ ናቸው። ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ በየወረዳው መጋዘን ያሉትን እነዚህን ደብተሮች አስቡ።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ፈተና አርሜ፣ ውጤት አስገብቼ ዛሪማ ስደርስ የተቃውሞው ቀን ካለፈ ሰንብቶ ነበር። ጥፋቱ የማንም ቢሮ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ከጀርባ ወዳሉት እናት ሄጄ «እማሆይ፣ ለምን እርስዎ ቀርበው አልተናገሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ጎረቤት ከስሼ ለየትኛው ቁርባን ልቀርብ ነው? ደግሞስ አንተ የተማርኸው ትመጣለህ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማሆይ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለም። ሽማግሌ ብንልክበት እሺ ብሎ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ በግንቡ ዳር ተወላቸው። ሳር የተጫነች አህያ አታልፍም፤ እርሳቸው ግን በምርኩዛቸው ተደግፈው ይወጡበታል። የውኃውን መውረጃም በቱቦ አሳለፈው። በዕለቱ ተመራርቀን፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። ያች መንገድ ግን በካርታው ላይ የለችም። ያለችው በእርሱ ቃልና በእኛ በሰማነው ጆሮ ነው። ነገ ቤቱ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ አዲሱ ባለቤት ካርታውን ያሳያል፤ ካርታውም ውሸት አይናገርም።

ስለዚህ በዚያ ሽምግልና የተቀመጥነውን የአራት ሰዎች ስም፣ የቀኑን ቁጥርና የተባባልነውን ጽፌ፣ ጎረቤታችንም እኔም ፈርመንበት አንዱን ቅጂ ለእርሱ፣ አንዱን ለእማሆይ ሰጠኋቸው። እማሆይ የእርሳቸውን አጥፈው በዳዊታቸው መካከል አኖሩት። ለጊዜው ያለን መዝገብ እርሱ ነው። በሚቀጥለው የወሰን ማስተካከያ መንገዲቱ በካርታው ላይ እንድትገባ ሁለታችንም በአንድነት ልናመለክት ተስማምተናል፤ ያን ጊዜ ማስታወቂያው ሲለጠፍ በቀኑ እገኛለሁ።